ውሉ የጠፋበት መሬት

መጋቢት ሲያልቅ ነው፣ በረዶው ሲፈታ፣
የሄድኩት ወደዚያ፣ ወደ ከሰል ቦታ፣
ጉድጓዱ ተዘግቶ፣ ባቡሩ ከቀረ አርባ ዓመት ያለፈው፣
ከቆመው ሰው ይልቅ የተኛው የተረፈው
የፔንሲልቬንያ ትንሽ ከተማ።

ሉድሚላ ፌዶርቻክ፣ የመንግሥት ተቆጣጣሪ፣
የግል መካነ መቃብር ሒሳብ መርማሪ፤
መኪናዬ ውስጥ የብረት ዘንግ አለ፣
ሥራዬ ማስታረቅ ነው
የተኛውን ሰው ከተጻፈው ጋራ፣
የቀረውን ገንዘብ ከተሰጠው አደራ።

ሕጉ አጭር ነው። ቦታ ሲሸጥ፣ ከመቶው አሥር እጅ
ለብቻ ይቀመጥ ይላል፣ ለሣሩ፣ ለአጥሩ፣ ለደጅ።
ሒሳቡም «የዘላለም እንክብካቤ» ይባላል።
«ዘላለም በአሥር ፐርሰንት ይገዛል?»
እያሉ የሚቀልዱ አሉ፣ ቢሮ ውስጥ።

ባለቤቱ ጋርላንድ ፕሪቸት ከረሜላ ጋበዘኝ፤
«አንድም ደንበኛዬ ከሶኝ አያውቅም» አለኝ።
እውነቱን ነው። ሙት አይወቀስም፤
ሙት ደግሞ አይከስም።
መዝገቡን ገለጥኩት፣ ነጭ ቀለም የተቀባበት፣
በነጩም ላይ ደግሞ ሌላ ስም የሰፈረበት።
ባንክ ደወልኩ፤ ለዘላለም የተቀመጠው
ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ዶላር ነው።
ግድግዳው ላይ የጀልባ ፎቶ ተሰቅሏል፤
በጎኗ በሰማያዊ «ዕረፍት» ይላል።

ክፍል ሐ፣ ረድፍ ሰባት፣ ቁጥር አሥራ አንድ።
«ባዶ» ይላል መዝገቡ።
ዘንጉን ተከልኩ፣ ተጫንኩ፤ አፈሩ ለቀቀልኝ፤
ሁለት ክንድ ወርዶ ግን «ቋ» አለብኝ።
ሲሚንቶ ነው። ሰው አለ።

ሚልድሬድ ሃላድካ ከኋላዬ ቆማ ሰማችው።
በላስቲክ የታሰረ ደረሰኝ ይዛለች፣ አልፈታችው፤
ዘጠና ስድስት ወር፣ በወር ዘጠኝ ዶላር፣
ከሸሚዝ ፋብሪካ ደሞዝ የተቆረጠ፣
ቁጥር አሥር ላይ ከተኛው ከባሏ ከኦንድሬ ጎን ለመተኛት።
«ማን ነው?» አለችኝ።
እኔ ከየት ልወቅ።

ውል ይባላል ፊርማ ያረፈበት ወረቀት፤
ውል ይባላል የክሩ ጫፍ፣ የተቋጠረው የሚፈታበት፤
ውል ይላል ደግሞ የሞተ ሰው ፊት፣ ሳያስቡት፣ ሌሊት።
ከሦስቱ አንዱም በእጄ አልነበረም።

መቃብር ቆፋሪው ኤልሞ ስቶካ ነው ያመጣው፣
ሰባት ወር ደሞዙ ያልወጣው፣
ከጃኬቱ ውስጥ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በእርሳስ የተጻፈ ደብተር፦
«ላይል ቫንዳይክ። ጥቅምት። ዝናብ ነበር።
ልጁ ብቻዋን መጣች። ጃንጥላዬን ሰጠኋት።»
ዘጠኝ ዓመቱ።

«እያወቅህ ቆፈርህ?»
«ቆፍር ተባልኩ፣ ቆፈርኩ። ለማን ልናገር?
ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ሰው ከመንግሥት መጥቶ ነበር፤
ከመኪናው ሳይወርድ ፈርሞ ሄደ፣ ብርድ ነበር።»

የዚያን ጊዜውን ሰነድ ፈልጌ አወጣሁ።
«ጉድለት አልተገኘም።» ፊርማው የእኔ ነው።

ሚልድሬድ ይቅርታ አላለችም፣ አላለቀሰችም።
«ይውጣም አልልም፣ ይተኛም አልልም፤
የከፈልኩትን ግን አውቃለሁ» አለች፣
ከኦንድሬ ድንጋይ ላይ ቅጠሉን ጠርጋ ተቀመጠች።

ሪፖርቱን የጻፍኩት ሞቴል ውስጥ ነው፣ ሌሊት።
ተጠያቂ፦ ፕሪቸት።
ቀጥሎ፦ ስቶካ፣ እያወቀ ዝም ስላለበት።
ፎርሙ ሦስተኛ መስመር የለውም፤
ከኅዳጉ ላይ ስሜን ጻፍኩበት።

ዳኛዋ ቁልፉን ለአደራ ጠባቂ ሰጠች፤
«እስኪወሰን ድረስ አንድም አፈር አይነካ» ብላ አዘዘች።
ጀልባዋም ታገደች።
በግንቦት ስልክ ጮኸ። ኤልሞ ነው፣ ክስ ያለበት፣ ደሞዝ የሌለው፦
«ሣሩ ጉልበት ደርሷል። እርሱም የታገደ ነው?»

ትእዛዙን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ስለ ሣር ምንም የለውም።
እጨድ አልኩት።
ረድፍ ሰባት ስትደርስ ማሽኑን አጥፋ፣ በእጅህ አድርገው፤
ሚልድሬድ ታጣፊ ወንበር ይዛ ትመጣለች፣ ረቡዕ ረቡዕ፣
በሁለቱ መሃል ነው የምትዘረጋው።